ውሃ ሲነካቸው የሚወጡ ላሞች

ቱሉ ሰዲን ካርታ ላይ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም። ከአዳማ መናኸሪያ በዴራ መስመር ሚኒባስ ተይዞ፣ ከዚያ ዳገቱን እያቃሰተ በሚወጣ ባጃጅ የሚደረስባት፣ አንድ ኮረኮንች መንገድ ይዛ ግራና ቀኝ የተደረደረች የተራራ ከተማ ናት። እንዲያም ሆኖ እንግዳ አጥታ አታውቅም። ቅዳሜና እሑድ ከአዳማም ከቢሾፍቱም ተማሪው፣ ሙሽራው፣ አንዳንዴም ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ይመጣባታል። የመጣ ሁሉ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ጂብሪልን።

ጂብሪል ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። አስጎብኚ ለመሆኑ ወረቀት የለውም፤ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎም አያውቅም። የጉብኝቱን ቅደም ተከተል ግን ሚኒስትር ቢመጣ አያስለውጠውም። መጀመሪያ ፍልውሃው፣ ቀጥሎ ጣሊያን የቆፈረው ምሽግ፣ ከዚያ ቆቃ ሐይቅ ቁልቁል የሚታይበት አፋፍ፣ በመጨረሻ ዋሻው። እንግዳው ደክሞት «ገና ነው እንዴ?» ሲለው ደስ ይለዋል። የደከመ ሰው የበለጠ ይደነቃል ባይ ነው።

ዋሻው ውስጥ ሲገባ የሚታየው አመድማ ድንጋይ ብቻ ነው። እንግዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣነው ይላል ፊታቸው። ይሄኔ ጂብሪል ከፌስታሉ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዱን ያወጣል፣ ክዳኑን ሆን ብሎ ቀስ እያለ ይከፍታል፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ውሃውን ድንጋዩ ላይ ይረጨዋል። ላሞቹም ይወጣሉ። ቀይ፣ ቀንዳቸው የረዘመ፣ አሥራ አንድ ላሞች፤ ከኋላቸውም አንዲት ጥጃ። ማን እንደሣላቸው፣ ከስንት ሺህ ዓመት በፊት እንደሣላቸው የሚያውቅ የለም። ድንጋዩ ሲደርቅ ተመልሰው ይጠፋሉ።

ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረውም። የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነፋስ ይዞት የገባ ዝናብ ግድግዳውን ሲያርሰው ላሞቹን አየ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ይሄው ሆነ። ውሃውን ጠዋት ጠዋት ሞልታ ደጃፍ ላይ የምታስቀምጥለት ሚስቱ ዙለይካ ናት። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ረስታ አታውቅም፤ ልጅ የወለደች ሰሞን እንኳ ለጎረቤት አደራ ብላ አስሞልታለታለች።

ድሮ በአንድ እፍኝ ውሃ ይወጡ የነበሩት ላሞች በቅርብ ጊዜ አንድ ሃይላንድ ሙሉ መጠጣት ጀመሩ። ጂብሪል ዓይኔ ደከመ ብሎ አዳማ ወርዶ መነጽር አሠራ።

ባለፈው ጥቅምት ተራራው ለጠጠር ማምረቻ ተሰጠ ተባለ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትልቅ የድንጋይ መፍጫ ከተራራው ሥር ተተከለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፉፋ አዳማ ሲመላለስ ሁለት ጫማ ጨርሶ አንድ ነገር ይዞ ተመለሰ፤ ዋሻው በቅርስነት ከተመዘገበ ተራራው አይነካም፣ ባለሙያ መጥታ ታየዋለች።

«ያለን ነገር የእርስዎ ዋሻ ብቻ ነው፣ ኦቦ ጂብሪል» አለው።

«ላሞቹን ያየ ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም» አለ ጂብሪል። እውነቱን ነው፤ እምቢ ያለ አልነበረም።

ባለሙያዋ ሶረቲ የምትባል፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ነበረች። ከባጃጁ ወርዳ «አካም ቡልተን፣ አባባ» ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ጊዜ ስላልነበራት ቀጥታ ወደ ዋሻው እንዲሄዱ ለመነችው።

«እጅ ሳያስታጥቡ ማዕድ ይቀርባል እንዴ፣ ልጄ?» ብሎ ወደ ፍልውሃው መራት።

ምሽጉንም አፋፉንም አሳያት። አፋፉ ላይ ቆማ ሐይቁን ቁልቁል ስታይ፣ ነፋሱ ሻርፗን ሲያውለበልበው፣ ጂብሪል በልቡ ይህች ልጅ ተይዛለች አለ። ዙለይካ ያን ዕለት የሞላችለት ሦስት ሃይላንድ ነበር። ዋሻው ውስጥ ገብተው ሶረቲ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ የመጀመሪያውን ከፈተ። እጇን ዘርግታ «ይቆዩ!» አለች፤ ውሃው ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር።

ሶረቲ ውሃው ግድግዳው ላይ ወርዶ እስኪያልቅ አየችው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያሳዩት?»

«ሁልጊዜ!» አለ ጂብሪል ደረቱን ነፍቶ። «ሠላሳ አራት ዓመት። የበዓል ቀን አራት አምስት ጊዜ። ሳያይ የመለስኩት አንድ ሰው የለም።»

ሶረቲ ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች። ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ተመራማሪ ያነሣው ነው፣ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር አለችው። ጂብሪል መነጽሩን አደረገ። ድንጋዩን ወዲያው አወቀው፤ በግራ በኩል ያለችውን ስንጥቅ ዓይኑን ጨፍኖም ያገኛታል። ላሞቹን ግን አላወቃቸውም። ሃያ ሦስት ናቸው። አጠገባቸው በትር የያዙ ሰዎች አሉ። አንዲት ሴት ተቀምጣ ታልባለች። ቀዩ ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል።

«ለዚህ ሰውዬ ውሃ የረጨለት ማን ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም። ድንጋዩ ደረቅ ነው፣ ይመልከቱት።»

ደረቅ ነበር።

«ድንጋዩ ውስጡ ጨው አለው» አለች ሶረቲ፣ ወደ መሬት እያየች። «ውሃ ሲነካው ጨዉ ወደ ላይ ይወጣል። ውሃው ሲደርቅ ጨዉ ቀለሙ ላይ ቀርቶ ይሸፍነዋል፣ እየቀረፈም ይጥለዋል። መጀመሪያ የጀመረው የገባ ዝናብ ይሆናል። በላብ የራሰ ሸሚዝ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ እንደሚቀረው ነው።»

ጂብሪል ያልራሰውን ጥግ በጣቱ ነካው። ነጭ ዱቄት ያዘው፤ ምላሱ ላይ አደረገው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይላሉ አበው፤ ጂብሪልን ሠላሳ አራት ዓመት ሲያሳስቀው ኖሯል።

«ቢታጠብስ?»

«አባባ» አለች ሶረቲ። ጂብሪል የጠየቀውን ራሱ ሲሰማው አፈረ።

«እሺ፣ አሥራ አንድ ብለሽ ጻፊ። አሥራ አንድ ላም ትንሽ አይደለም።»

«ለእኔ የታዩኝ አራት ናቸው።»

ሊከራከራት አፉን ከፈተና ቆጠረ። በቃሉ የሚያውቃቸውን ትቶ ግድግዳው ላይ ያሉትን ብቻ ቆጠረ። አራት። ከጥጃዋ የሚታየው ጭራዋ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ «አሥራ አንድ» እያለ ለሰው እንደተረከ፣ ሰውም እሱን አክብሮ እሺ እያለ እንደሄደ ያን ጊዜ ገባው።

«ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች። «በማን እንደጠፋ ግን አልጽፍም።»

አዝናለት ነው። ብትጽፈው ግን ይሻለው ነበር።

የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በሁለተኛው ወር መጣ። ፉፋ ከተማውን ወርካው ሥር ሰብስቦ አነበበው፤ ሥዕሎቹ በአብዛኛው ስለጠፉ ለምዝገባ አይበቁም ይላል። ማጉረምረም ተነሣ። ባለመፍጫዎቹ ልጅቷን ገዝተዋታል ያለም፣ መሥሪያ ቤቱ ሃምሳ ዓመት ተኝቶ አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያለም ነበር። ጂብሪል ብድግ አለ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣውን ነገር ሊያወርደው ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

ሕዝቡ አላስጨረሰውም። በዚያ አገር ሽማግሌ ሰው ነገር ሲበላሽ ጥፋቱን ወደ ራሱ መሳቡ የጨዋ ደንብ ነው፤ ሰሚውም እሱን መከልከል አለበት። «ኧረ ተው ጂብሪል!» «አንተ ባትኖር ማን ያውቀን ነበር!» ተባለ። ፉፋ መጥቶ ትከሻውን ሳመው። ጂብሪል «ውሃው ነው ያጠፋቸው» ሊል አፉን ሲከፍት ከሴቶቹ መሀል ዙለይካን አያት። ባሏ በሰው ፊት ስለተመሰገነ ፊቷ በርቶ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። ውሃውን የሞሉትን እጆች አያቸው። ተቀመጠ።

ተራራውን የሚያፈርሰው ድማሚት ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው ከተማው ዋሻውን ልንሰናበት ብሎ ወጣ። ፍልውሃው ዘንድ ማንም አልቆመም፤ መፍጫው ጭቃውን ለቆበት ነበር። ምሽጉንም አፋፉንም ዝም ብለው አለፉ። ዋሻው ውስጥ ተጠጋግተው ቆሙና ጂብሪልን አዩት። ከዚህ በኋላ ቢረጭም የሚጎዳ ነገር የለም፤ ነገ ድንጋዩ ራሱ የለም። ሃይላንዱን አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ረጨ።

ውሃው ወረደ። ድንጋዩ ጠቆረ። ምንም አልወጣም፤ የጥጃዋ ጭራም እንኳ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ላሞቹ ታዩኝ» አለች። ፉፋም «አዎ፣ ያውና ቀንዱ» አለ። ሌሎችም ተቀበሏቸው፤ ከሽማግሌው ፊት ላይ ዓይናቸውን እያሸሹ ላሞቹን አንድ በአንድ ቆጠሩለት፣ አሥራ አንድ አደረሷቸው። ጂብሪል ግድግዳውን እያየ እዚያው ቆሞ ነበር።

ዙለይካ ሰውን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት መጣች። መዋሸት አታውቅበትም።

«ለእኔ አልታየኝም» አለች። «ውሃው አንሶ ይሆናል። ይኸው፣ ሌላ ሞልቼ መጥቻለሁ።»

ከነጠላዋ ሥር ሁለተኛውን ሃይላንድ አውጥታ ዘረጋችለት። ጂብሪል እጇን አየ፣ ፊቷን አየ። ከዚያ ተቀበላትና ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፈተ።