አሥራ አንደኛዋ ጨረቃ

ታሂር ልብስ ሰፊው አንድ ነገር ካመነ አመነ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቆቦ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ቢለምነው ንቅንቅ አይልም። በ1978 ዓመተ ምሕረት አጥብቆ ያመናቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ የሰው ልጅ አንድ ቀን በመንኮራኩር ከዋክብት ድረስ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ጓደኛው ሙሉጌታ መቼም አይከዳውም። መንኮራኩሩን ለጊዜው ተዉት፣ እሱ ገና ነው። የማወራችሁ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ባወራሁት ቁጥርም ደሜ ይፈላል።

ሙሉጌታ የቀበሌው ጸሐፊ ነበር። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ እጅ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ቤት ያማረ፣ ለሰውም ትሑት። ከቢሮ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ታሂር በረንዳ ይመጣና ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ያገናኛቸው መጽሐፍ ነው። በድርቁ ጊዜ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ ትቶት የሄደ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፤ ሽፋኑ የለ፣ የመጨረሻ ገጾቹ የሉ። ታሂር ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጠ ሙሉጌታ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልስለታል፤ እሱ ሱሪ እየጠቀመ ያዳምጣል። በመጽሐፉ ውስጥ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትጓዝ መንኮራኩር አለች፤ ስሟን ሁለቱም በትክክል መጥራት አቅቷቸው ነበር።

«እኔ ብሆን የሠራኋት፣ ‹ቀይ ንጋት› ነበር የምላት» አለ ሙሉጌታ አንድ ቀን።

«የምን ቀይ ንጋት!» አለ ታሂር ከመርፌው ቀና ሳይል። «እሱ የስብሰባ ስም ነው። ገና ሲጠሩት ያስዛጋል።»

«እሺ፣ አንተስ ማን ትላታለህ?»

«ዳለቻ።»

ሙሉጌታ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የበሬ ስም?»

«አዎ፣ የበሬ ስም! ምን ያገለፍጥሃል? እርሻ ላይ ስሙን ሳትጠራው የሚመለስ በሬ አይተህ ታውቃለህ? አባቴ ጅራፉን ለወጉ ያህል ነበር የሚይዘው። ‹ተመለስ ዳለቻ!› ሲለው ነው ከትልሙ ጫፍ የሚዞር። ይኼ ሁሉ ብረት ያን ሁሉ ጨለማ አቋርጦ ሲሄድ፣ ስሙን የሚጠራው ከሌለ በምን ይመለሳል?»

ሙሉጌታ ይህን ሲሰማ ሳቁን ተወ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ቀበሌው ወረቀት ካጠረው ከርሟልና፣ በአሮጌ ቃለ ጉባኤ ጀርባ ላይ የሕልማቸውን መንኮራኩሮች ስም መጻፍ ጀመረ። ጉራቻ፣ ከባድ ጭነት የምትችለዋ። ቡሬ፣ ቀድማ ሄዳ አገር የምታይ። ዳማ፣ ፈጣኗ። በየስሙ ሥር የተሳፋሪ ዝርዝር አለ፤ በሁሉም ላይ «ተራ ቁጥር አንድ፣ ታሂር ይመር፣ አዛዥ» ይላል። ራሱን ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው የሚጽፈው። ታሂር ስሙን በዚያ ባማረ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ ሲያየው ጥርሱን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ምን ይደረግ፣ የዋህ ነው።

ዳለቻ የአባቱ በሬ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጀመሪያ በሬው ወደቀ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ አባቱ ተከተሉት። ታሂር ይህን ለሙሉጌታ አንዴ ነግሮታል፤ ደግሞ አላነሳውም።

ጥር ላይ ታሂር የውጭ አገሩን የአማርኛ ራዲዮ ጣቢያ ድምፁን ቀንሶ ሲከፍት፣ አንዲት ሰው አልባ መንኮራኩር ዩራነስ የምትባል ፕላኔት ዘንድ ደርሳ ፎቶ አንስታለች የሚል ዜና ሁለቱም ሰሙ። ፕላኔቷ በጎኗ ተጋድማ ነው የምትዞረው። በዙሪያዋም ከዚህ በፊት ማንም ያላያቸው አሥር ትንንሽ ጨረቃዎች ተገኝተዋል።

«አሥር!» አለ ታሂር። «ስምስ አላቸው?»

«ገና አሁን ተገኝተው?» አለ ሙሉጌታ።

ሁለቱ ተያዩ። በማግሥቱ ለጣቢያው ደብዳቤ ተጻፈ። «እኛ በቆቦ የምንኖር የጠፈር ወዳጆች ለአሥሩ ጨረቃዎች የሚከተሉትን ስሞች አውጥተናል» ይላል፤ ከዚያ አሥር የራያ በሬ ስም በቁጥር ተደርድሯል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከልባቸው፣ ያለ አንዳች ቀልድ፣ ሰማይ ላይ በሬ ሊያሰማሩ ነበር። ዳለቻን ግን ታሂር አላስጻፈም።

«ምነው?» አለው ሙሉጌታ። «በመጀመሪያ እሱ መስሎኝ?»

«እሱ ይቆይ። አሥራ አንደኛዋ ስትገኝ የእሷ ነው። አባቴ አንድ ትልም ሁልጊዜ ለነገ ያስቀር ነበር።»

ሙሉጌታ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አስገባለሁ ብሎ ወሰደው። ወራት አለፉ፣ መልስ የለም። ታሂር ግን ከራዲዮኑ ፊት አልጠፋም፤ ዛሬ ይነበባል፣ ነገ ይነበባል እያለ የራዲዮኑን ባትሪ ድንጋይ ጨረሰው።

ሚያዝያ ላይ የብሔራዊ ውትድርና ወሬ መጣ። ለቀበሌው አሥራ አራት ወጣት ኮታ ወርዷል ተባለ። የታሂር እናት ወይዘሮ ኡሙሃኒ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ጧሪያቸውም ያቺው ስፌት መኪና ነች። እሳቸው ደግሞ ቀበሌ ሄደው የሚለማመጡ ሰው አይደሉም፤ ሟች ባላቸው ወዳጅ አድርገውት የነበረ አንድ አፋር ግመለኛ አለ፣ በገበያ ቀን መጥቶ ስድስት ሰዓት ላይ በዞብል ተራራ በኩል ወደ ቆላው ይመለሳል። ከእሱ ጋር ነገሩን ጨረሱ።

«ኸዚህ ውጣልኝ ልጄ» አሉት። «ዞብልን ካለፍክ ማንም አያገኝህም። ነገሩ ሲበርድ ኢንሻአላህ ትመለሳለህ።»

ታሂር ይህን ምስጢር ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ። ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ እንዴ?

«ሂድ፣ ደግ አስበሃል» አለው ሙሉጌታ። «እስከዚያ ግን አታስብ። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ አይደለሁ? ስምህ ቢነሳ ከማንም ቀድሜ የምነግርህ እኔ ነኝ። ማርያምን!»

የገበያው ቀን ደረሰ። ሰው እንዳይጠረጥር ወይዘሮ ኡሙሃኒ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ተሰናበቱት፤ ግንባሩን ስመው፣ ዱዓ አድርገው፣ ከደጅ ሳይወጡ ቀሩ። ታሂር ትንሽ ጥቅልል በብብቱ ይዞ ከገበያው ዳር ደረሰ። ግመሎቹ ተጭነዋል፣ ግመለኛው የመጨረሻውን ገመድ እያጠበቀ ነው። ያን ጊዜ ሙሉጌታ እያለከለከ መጣ።

ታሂር ጥቅልሉን በብብቱ አጠበቀ። «ስሜ ገባ?»

«ኧረ የምን ስም! ተገኘች!»

«ማን?»

«አሥራ አንደኛዋ! ጠዋት ዜናውን ሰማሁት። ፎቶዎቹን እንደገና ሲመረምሩ አንድ ጨረቃ አግኝተዋል። ደግሞ ከቆቦ የመጣ ደብዳቤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እናነባለን አሉ። ስሟን ዳለቻ እንበላት እያሉ ነው፣ ታሂር!»

«እኛ እኮ ዳለቻን አልጻፍነውም።»

«እኔ ጨመርኩት። አንተን ላስደስትህ ብዬ፣ በኋላ ከታች ጨመርኩት።»

ታሂር ጥቅልሉን መሬት ላይ ጣለና እጁን አፉ ላይ ጫነ። እንባው መጣ። የአባቱ በሬ፣ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረው ዳለቻ፣ ሰማይ ላይ!

«የእኔ ራዲዮን ድንጋዩ አልቋል» አለ።

«ቢሮ ትልቁ አለ አይደል። ሊቀመንበሩ ወልድያ ሄዷል፣ ማንም የለም። ሰምተህ ትሄዳለህ።»

ግመለኛው ፊቱን አጠቆረ። «የተጫነ ግመል አላቆምም። ብትመጣ ና፣ ባትመጣ የራስህ ጉዳይ።»

«ሂድ፣ ሂድ፤ ዱካህን ይዤ ሳይመሽ እደርስብሃለሁ» አለው ታሂር። ግመሎቹ ወደ ዞብል፣ እሱ ወደ ቀበሌ። እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል!

ቢሮው እውነትም ባዶ ነበር። ትልቁ ራዲዮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሙሉጌታ ከፈተው፤ ሽሽሽ ይላል። መፈለጊያውን ወዲህም ወዲያም አዞረና፣ «ሽቦው ተላቅቋል መሰለኝ፣ ሌላ ከጓዳ ላምጣ» ብሎ ወጣ። ታሂር ጆሮውን ራዲዮው ላይ ለጥፎ ቀረ። በሩ ሲከፈት «ቶሎ በል፣ ሊጀምር ነው» አለ ዞር ሳይል። የገቡት ግን ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ነበሩ።

የሚገርማችሁ በመጀመሪያ የጮኸው ለራሱ አይደለም። «ሙሉጌታን አትንኩት! ለእኔ ብሎ ነው የመጣው!» አለ። አንደኛው ጠባቂ ከት ብሎ ሳቀ።

ግቢው ውስጥ ኡራል የጭነት መኪና ቆሟል። አሥራ ሦስት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ወልድያ ሄደ የተባለው ሊቀመንበርም ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተንፈላስሷል። እያንዳንዱ ሰው በስሙ አንጻር እንዲፈርም ዝርዝሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ታሂር ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉን ከሩቅ ነው ያወቀው። ተራ ቁጥር አንድ ላይ ጌታሁን የሚል ስም ተጽፎ በአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ተሰርዟል፤ ጌታሁን የሙሉጌታ ታናሽ ወንድም ነው። ከተሰረዘው በላይ፣ በዚያ ባማረ እጅ፣ «ታሂር ይመር» ይላል። እንደ ሁልጊዜው፣ ከሁሉ በላይ።

ወረቀቱ ወዲያ በኩልም ቀለም ይታይበታል። ገለበጠው። «እኛ በቆቦ የምንኖር የጠፈር ወዳጆች…»። ጉራቻ፣ ቡሬ፣ ዳማ፣ አሥሩም በየቁጥራቸው ቆመዋል። ከታች የተጨመረ የለም። ደብዳቤው ከጥር ጀምሮ ከዚያ ቢሮ መሳቢያ አልወጣም ነበር።

ሙሉጌታ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ነበር። ታሂር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ለውጭ ጣቢያ ደብዳቤ ሳስገባ ቢያዝብኝስ?» አለ ሙሉጌታ። «ፈራሁ። ዛሬ ደግሞ ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን አሁኑኑ አምጣ ሲለኝ እጄ የገባው እሱ ወረቀት ሆነ። ጌታሁን ገና ልጅ ነው፣ ታሂር። ሊቀመንበሩ ወይ እሱን ወይ በእሱ ምትክ ሌላ አለኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድም ወንድም ነው፤ ይህን ታሂር እንደ ምንም ብሎ ሊውጠው ይችል ነበር። ደብዳቤውንም ፍርሃት ነው ብሎ ይተወዋል። ያልተዋጠለት ሌላ ነው።

«ጨረቃዋስ?» አለ።

«ምን?»

«አሥራ አንደኛዋ።»

ሙሉጌታ አንገቱን ደፋ። «የለችም።»

«ሌላ ውሸት ጠፋብህ?» አለ ታሂር። «እናትህ ታመመች ብትለኝ አልመለስም ነበር? ቤትህ ተቃጠለ ብትለኝስ? በዳለቻ ትጠራኛለህ? በአባቴ በሬ?»

በሬ ስሙን ከጠሩት ከትልሙ ጫፍ እንደሚዞር ለሙሉጌታ ያስተማረው ራሱ ታሂር ነው። እሱም ያንኑ ስም ጠርቶ መለሰው፤ በቃ።

ታሂር ፈረመና መኪናው ላይ ወጣ።

ኡራሉ ወደ ወልድያ ለመሄድ በታሂር በረንዳ ፊት ማለፍ ነበረበት። ወይዘሮ ኡሙሃኒ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍነው፣ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠው ከጎረቤታቸው ከመይሙና ጋር ይጫወቱ ነበር። የመኪናውን ጩኸት ሲሰሙ ቀና አሉ፤ የተጫኑትን ልጆች አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«የማን ልጆች ይሆኑ፣ አላህ ይሁናቸው» አሉ። ከዚያ ወደ መይሙና ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔው አልሃምዱሊላህ ይኸኔ ዞብልን አልፏል።»

ታሂር «እማ!» ሊል አፉን ከፈተ። ፊታቸው ላይ ያለውን እፎይታ አየ። አፉን መልሶ ገጠመ፣ ራሱንም ከፊቱ ከተቀመጠው ልጅ ጀርባ ደበቀ።