የጠመንጃው ቆዳ

ገብረወልድ ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ገና ሳያገላብጠው ፊቱ ተለወጠ። ነቀምት ውስጥ ጠመንጃ የሚጠግነው እሱ ነው፤ ሟቹ ባቻም በሕይወት ሳለ ይህንኑ መሣሪያ እሱ ዘንድ ነበር የሚወስደው።

“ማን ነው የፈተገው?” አለ ቀስ ብሎ።

“እኔ ነኝ” አለች የባቻ ሚስት ዘርፈሽ ከሐዘን ምንጣፏ ላይ። ኮራ ብላ ነው ያለችው፣ ምስኪን።

ምን ታድርግ? አዳኝ ሲሞት መሣሪያው ለቅሶው መካከል ይወጣል፤ ከሩቅ ከኡኬም ከኑኑ ቁምባም የመጣ ለቀስተኛ ያየዋል። የባቻ ጠመንጃ ደግሞ በርሜሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ነበር። ጎሽ የጣለ ሰው ዝገት ታቅፎ ኖረ እንዳይሉባት፣ አስከሬኑ ሳይወጣ ጓሮ ገብታ በአመድና በሎሚ ፈተገችው። ጣቶቿ እስኪላጡ ፈተገች። ወንዶቹ ከፍ አድርገው ሲያሳዩት ብር መስሎ አበራ። እሷም ደረቷን እየመታች፣ በልቧ ግን እንኳን አላሳፈርኩት ብላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንግዳው አልተቋረጠም። የሚገባው ሁሉ “ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ያጽናሽ” ይላታል፤ ቁጭ ሲል ሹክሹክታው ስለ ደረሳ ነው። ደረሳ የባቻ ታናሽ ወንድም ነው። ሐዘኑ ሲያበቃ ቤቱንም እሷንም ይወርሳል፣ የአገሩ ደንብ ነው። የራሱን ሚስት ክንድ በዱላ መስበሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁንም ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ ለእንግዳው ይህን አቅርቡ ያን አንሱ እያለ ያዛል፤ ካሁኑ አባወራ ሆኗል።

ባቻ ይህ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። በሽታው ሲጠናበት ጠርቷት፣ “ይቺን ጠመንጃ ለገብረወልድ ስጪው። አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስብ ፈረንጅ አግኝቶላታል። በገንዘቡ ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ትገዢበታለሽ፤ ደረሳ እጅ አትገቢም” ብሏት ነበር።

ስለ ቀለሙ ያነሳው ግን አንዴ ብቻ ነው። በተጋቡ ሰሞን በዘይት ጨርቅ ሲያሻሸው አይታ፣ ዝገቱን ልፈትግልህ አለችው። ሳቀና “ተይው፣ ቆዳው ነው” አላት። ቀልድ መሰላት። አይ ባቻ፣ ነገር አብራርቶ አያውቅም!

ገብረወልድ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቡናማው ዝገት እንዳልነበረ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ብረቱን በመድኃኒት አብስለው ያወጡት ቀለም እንደሆነ አስረዳት። ፈረንጁ የፈለገው ያንን የጥንቱን ቀለም ነበር።

“መልሰው ይቀቡት፣ ኦቦ ገብረወልድ።”

“እቀባዋለሁ። ግን ሰውየው ይለየዋል። ከእንግዲህ የብረቱን ዋጋ ነው የሚያወጣው፣ እህቴ። ቤት አይገዛም።”

አላለቀሰችም፤ እንባዋን በባቻ ጨርሳለች። ቀና ስትል ደረሳ ያያታል።

ገብረወልድ ተስፋ ባይኖረውም፣ ምናልባት የተረፈ ቀለም ቢኖር ብሎ ከበርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት ፈታ። አመዱ ያልደረሰበት ትንሽ ብረት ብቅ አለ፤ የተቆላ ገብስ ይመስላል። ባቻ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሻሸው የኖረው ቀለም ያ ነበር።

ዘርፈሽ በተላጠ ጣቷ ነካችው። አላሸችውም፤ እንዲሁ ጣቷን አሳርፋበት ቆየች። ከዚያ እንጨቱን ከገብረወልድ እጅ ወስዳ፣ ደረሳ እንዳያየው ራሷ መልሳ ከደነችው።