በባዶ ሆድ የማይነገር

የሙቀት ጌጁ ጠቋሚ ለሦስተኛ ጊዜ ቀዩ ላይ ሲለጠፍ ጥበቡ ሚኒባሱን ወደ መንገዱ ዳር አስጠግቶ ሞተሩን አጠፋ። ከንፋስ መውጫ ከተነሱ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል፤ ወገዳ ገና ነው። ከኋላ ብቻቸውን የተቀመጡት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ደግሞ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጥበቡ፣ ጌጁ ሞተሩ ፈላ እያለ ነው አላቸው። መሪጌታ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀና ብለው ፀሐይዋንም አዩ። አንዱም ደስ አላሰኛቸውም።

ነገሩን መደበቅ ምን ይጠቅማል? የጥበቡ እናት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ዛሬ ንጋት ላይ ወገዳ፣ ቤታቸው ዐርፈዋል። ወገዳ ያውቃል። መሪጌታ ያውቃሉ። ጋቢና ከጥበቡ ጎን የተቀመጠው የእህቱ ባል እንድርያስም ያውቃል። ያልተነገረው ልጃቸው ብቻ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ በባዶ ሆድማ ጨርሶ አይነገርም። መሪ ለጨበጠ ሰው ደግሞ ማን ደፍሮ! ስለዚህ ጎረቤቱ መሪጌታና አማቹ እንድርያስ ረፋድ ላይ መጥተው፣ እናትህን ትንሽ አሟቸዋልና በመኪናህ ሐኪም ቤት እናድርሳቸው ብለው አስነሡት። እንድርያስ ባትሪዬ አለቀ ብሎ የጥበቡን ስልክ ተቀበለና ኪሱ ከተተው። በዚያው ቀረ።

በወዲያኛው በኩልም ዝግጅቱ ያለቀ ነው። ወገዳ መግቢያ ላይ፣ አክስቱ ደጊቱ ቤት፣ ሽማግሌዎች ይጠብቁታል። መጀመሪያ እህል ይቀምሳል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል። ቀብሩ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ከደረሰ ደረሰ፣ ካልደረሰ መቃብሩን ያያል። ክፋት አይደለም። ሳይቀምስ ተረድቶ እዚያው ክልትው ያለ ሰው በየቤቱ ስለሚነገር ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጥበቡ ዐውቋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ሲነዳ "ትንሽ አሟቸዋል" ተብለው የተሳፈሩ ስንት ልጆች ወስዷል! በመስተዋት እያያቸው ዝም ማለት የሥራው አንዱ ክፍል ነበር። ዛሬ፣ እናቱን ሐኪም ቤት ሲያመጧቸው የሚተኙበት ፍራሽ ልጫን ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ፤ መሪጌታም ተወው፣ እዚያ አለ አሉት። ያኔ ገባው። ገባውና ሌላ ምንም አልተከተለም። እንባ የለ፣ ድንጋጤ የለ። ብዙ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ሆነበት፤ የራሱ እንደሆነ ያውቃል እንጂ አይሰማውም። እናቱ ሞተው ስለ ራዲያተር ማሰቡ አሳፈረው። እፍረቱም ቢሆን ብዙ አልቆየም።

ዐውቄያለሁ እንዳይል ቁልፉን ይቀሙታል። ባለፈው ክረምት በስልክ ተረድቶ ገደል የገባ ሾፌር ነበረና፣ መሪጌታ የሱን ነገር አውርተው አይጠግቡም። ከሦስቱ ደግሞ መንዳት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ሌላ መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሲላቀሱ እማሆይ አፈር ይለብሳሉ። ሆድ ይፍጀው አለና ዝም አለ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይቀበሩ መድረስ።

እንዳይደርስ የያዘው ይህ ጌጅ ነው። ባለፈው ወር ይኸው ጠቋሚ ቀዩ ላይ ሲወጣ፣ ጥበቡ "ይዋሻል" ብሎ ነድቶ የሞተሩን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ አቃጥሏል፤ መኪናው ጋራዥ ሳምንት ቆመ። ያ ነገር ዛሬ እዚህ ኮረኮንች ላይ ቢደገም አለቀ። በየዳገቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየቆሙ ማብረድም ያው አለቀ ነው። ስለዚህ አሁን የሚለው እውነት ይሁን ውሸት ቁርጡን ማወቅ ነበረበት።

እንድርያስን አስወርዶ የጋቢናውን ወንበር ገለበጠና የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ቱቦ በባዶ እጁ ጨበጠው። ይሞቃል፣ ግን አያቃጥልም፤ የፈላ ሞተር ቱቦ ደግሞ እጅ አያስጠጋም። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ አላላው። ትንሽ ተነፈሰ እንጂ አልገነፈለም። ውኃው ሙሉ ነው። ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ብቻ ሲከፍት ጠቋሚው መጀመሪያ ቀዩ ላይ ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ ወርዶ መካከል ላይ ቁጭ አለ። ጥበቡ ቆሞ አየው። ከእሳት የወረደ ድስት እንኳ ለመብረድ ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እንዲህ እንደ ፌንጣ የሚዘል ሙቀት የለም። ይሄ የሽቦ ሥራ ነው።

"እንድርያስ፣ መሪው ጋ ተቀመጥና ጠቋሚውን እያየህ ንገረኝ።"

"ምን ልበል?"

"ያየኸውን።"

ከሙቀት መለኪያው ሴንሰር የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዘወዘው።

"ወጣ" አለ እንድርያስ። "ቀዩ ላይ ነው።"

"አሁንስ?"

"ወረደ። ቆይ፣ ደግሞ ወጣ።"

ጥበቡ ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ሞተሩን መልሶ የገጠመው መካኒክ ሳያስረው ትቶታል። ከአንድ የብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ከርሞ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር መዳቡ ብረቱን ይነካል፤ በነካ ቁጥር ጌጁ ፈላ ይላል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሁለት ጊዜ የቆሙት፣ ያቃጠሉት አንድ ሰዓት ሁሉ በከንቱ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን የመካኒኩን ዘር ማንዘር ይሰድብ ነበር፤ ዛሬ መሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ጥቁሩን ናስትሮ ፈለገ።

ሽቦውን በናስትሮ እየጠቀለለ ሳለ የራሱ ስልክ እንድርያስ ኪስ ውስጥ ጮኸ። እንድርያስ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ገብስ ማሳው ጫፍ ድረስ ሄደ። ነፋሱ ግን ወደ ጥበቡ ነበር። ቀሳውስቱ ዝናብ መጣ ብለው ከዐሥር ሰዓት እንደማያሳልፉ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ይጨመር ሲባል እምቢ እንዳሉ፣ ጥበቡ ከአንድ ወገን ወሬ ሰምቶ ሌላውን ራሱ ሞላው። እንድርያስ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

"ስንዱ ናት" አለ የሚስቱን፣ የጥበቡን እህት፣ ስም ጠርቶ። "እናታችን ደኅና ናቸው፤ ተኝተዋል አለች።"

ጥበቡ ናስትሮውን ከሚበቃው በላይ ሁለት ዙር ጨመረበት።

"ይተኙ" አለ።

ሽቦውን ከብረቱ አርቆ በሲባጎ አሰረ፣ ወንበሩን መለሰ፣ ሞተሩን አስነሣ። ጠቋሚው ቀስ እያለ ወጥቶ መካከል ላይ ቆመ። ትልቁን ጉድጓድ ሲገቡም ሲወጡም አልተነቃነቀም። መሪጌታ ኪዳነ ምሕረትን አመሰገኑና ወዲያው ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ አሉት። ጥበቡ ቀስ ብሎ አልነዳም። እንደ ተነገረው ከሆነ ይህ ጥድፊያ ለታመሙ እናት ነው፤ መሪጌታ እንዳይከለክሉት ራሳቸው የፈጠሩት ውሸት ይዟቸዋል። አይ ውሸት! ባለቤቱንም ያስራል።

መሪጌታ ይልቅ ለመርዶው ልቡን ማለዘብ ጀመሩ። ኢዮብን አነሡ። ሰው በዚህ ዓለም እንግዳ ነው አሉ፤ ሽምግልና ጸጋ ነው፣ ቆርቦ ማለፍ ደግሞ ከጸጋም በላይ ነው አሉ። በጣም ሩቅ ሄደው ከመርዶው በር ሲደርሱ ያመልጠኛል ብለው ይደነግጡና ስለ ገብሱ ያወራሉ። ጥበቡ በየመካከሉ እውነት ነው ይላል። እንድርያስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞሮ አንገቱን አላነሣም። ጥበቡ አዘነለት፤ እናቱን ወዶለት ኖሯል። ለራሱ ማዘን ግን እምቢ አለው፤ ጠብቆ ጠብቆ ተወው።

ወገዳ መግቢያ ሲደርሱ ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። በስተቀኝ የደጊቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች መኪናውን ሲያዩ ከተቀመጡበት ግንብ ተነሡ፤ አክስቱም የእጅ ውኃ ይዘው ከደጃፉ ብቅ አሉ። አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ አመለከቱ። ጥበቡ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና መሪውን ሳያጥፍ አለፋቸው።

"የአክስትህ ቤት አለፈን እኮ" አለ እንድርያስ።

"አለፈን።"

"እህል አዘጋጅተው ነው የሚጠብቁህ። ትንሽ ቀምሰህ…"

"እኔ እህል ስቀምስ እናቴን ይቀብሯታል።"

እንድርያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መሪጌታ፣ "ማን ነገረህ?" አሉ፤ የተቆጡ መስለው ነበር፣ ድምፃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

"ማንም አልነገረኝም፣ የኔታ። ሽማግሌዎቹ ማታ ይምጡና በወጉ ይንገሩኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ። አሁን ቀብር አለብኝ።"

ጥበቡ ማርሹን ወደ ሁለት ቀይሮ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ያዘ።