በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል

ኦዴሳ ፕሩት ቢጫ ባርኔጣዋን በወረቀት ከረጢት ይዛ ከዊትከም ሕንፃ በር ላይ የቆመችው ገና በማለዳው ነው። በአሜሪካዋ ሜምፊስ መሀል ከተማ ስንቱን ያለበሰው ያ ትልቅ መደብር ተዘግቶ፣ ሃያ ዓመት የአይጥ መፈንጫ ሆኖ ከርሞ፣ ዛሬ አፓርታማ ተብሎ ሊመረቅ ነው። እሷ ግን ለሕንፃው አልመጣችም። ጋዜጣው የጥንቱ አሳንሰር እንደታደሰና የሰማንያ ስድስት ዓመቱ የጥንት ነጂ ሉሺየስ ታርቨር ለዕለቱ እንግዳ እንደሚያወጡበት ጽፎ ነበር። ስማቸውን ያወቀችው ገና ያኔ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳታመሰግነው የኖረችው ሰው በሕይወት አለ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ብላ ተነሣች።

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናቷ ለፋሲካ ባርኔጣ ልትገዛላት እዚህ አምጥታት ነበር። በዚያ ዘመን መደብሩ የጥቁሮችን ገንዘብ መቀበል አይጠየፍም፤ ባርኔጣ ሞክሮ በመስታወት ማየት ግን ለነጭ ብቻ ነው። እናቷ የልጇን ራስ የለካችበትን ክር ከቦርሳዋ አውጥታ ባርኔጣውን በክሩ ለክታ ገዛች። ኦዴሳ አንገቷን እንደደፋች እናቷን ተከትላ አሳንሰሩ ውስጥ ገባች። ነጂው ወጣት ጥቁር ሰው ነበር። ሌላ ተሳፋሪ አለመኖሩን አየና በአራተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ሲደርሱ ቀጥ አደረገው።

«ይኸው ዛሬም ተበላሸ» አለ። ከኋላቸው ግድግዳውን የሞላ መስታወት ነበር። «እስኪሻለው ባርኔጣሽን ሞክሪያ።»

ትንሽ ይሰፋት ነበር። ቢሆንም ኦዴሳ እንደዚያን ቀን አምራ አታውቅም።

ዛሬ ከአፓርታማው ሥራ አስኪያጅ ጋር ተሳፍራ፣ ባርኔጣውን ከከረጢቱ አውጥታ ታሪኩን ለሚስተር ታርቨር ነገረቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣውን ትክ ብለው አዩት፤ አላስታወሷትም። ቅር አላት።

«አይክፋሽ ልጄ» አሏት። «ለስንቷ አቁሜያለሁ መሰለሽ! አለቆቹ ጠጋኝ አምጥተው አምጥተው ሲያቅታቸው፣ ይኼ ነገር እዚያች ቦታ ላይ ጋኔን አለበት ብለው ተዉት።»

«ቢነቁብዎትስ ኖሮ?»

«ያባርሩኝ ነበራ። ባለቤቴ ፋሲካ በመጣ ቁጥር በፍርሃት ነፍሷ አይቀርላትም ነበር።»

«እናቴ ሳታመሰግንዎት ሞተች» አለች ኦዴሳ። «ያን ቀን ባያቆሙልኝ፣ ባርኔጣ የማያምርብኝ ሰው ነኝ እንዳልኩ እቀር ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሽማግሌው በሩን ዘግተው እጀታውን ገፉት። ሁለተኛውን አለፉ፤ ሦስተኛውን አለፉ፤ ከዚያ አሳንሰሩ ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ፤ ትናንት ተፈትሾ ነበር እያለ ስልኩን አወጣ።

«አትጨነቅ፣ የድሮ አመሉ ነው» አሉት። ወደ ኦዴሳ ዞሩ። «በይ እንጂ።»

የልጅነት ባርኔጣዋ ሽበቷ አናት ላይ ጉብ አለ። ሳቋ መጣ።

«ጠቦሻል» አሉ ሚስተር ታርቨር በመስታወቱ ውስጥ እያዩዋት። «ሁሉም ባርኔጣቸውን አድርገው ወርደው ይሄዳሉ። አንዷንም አድጋ አይቼ አላውቅም ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።