እርማት የሚወጣበት ገጽ

ባለቤቴ አስተያየት ሳይሰጥ የዋለበት ቀን ካለ የታመመ ቀን ነው፤ ያን ቀንም ቢሆን ስለ ሐኪሙ ይናገራል። ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር። ያኔ ጋዜጣ የሚወጣው የብረት ፊደሎች አንድ በአንድ ከመሳቢያ እየተለቀሙ ሲደረደሩ ነው። እሱ መሳቢያውን ሳያይ፣ አፉ ወሬ እያወራ፣ እጁ ገጽ ይሞላ ነበር። ኋላ ኮምፒውተር ገባና መሳቢያውንም እሱንም አንድ ላይ አስወጣቸው። ይዞ የመጣው የእንጨት መዶሻውን ብቻ ነው፤ የተደረደሩትን ፊደሎች እኩል ለማድረግ ቸብ ቸብ የሚያደርጉበት ነገር ነው። እስከ ዛሬ የሳሎናችንን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፈው በእሱ ነው። ሰፈሩ ለቃሚው ይለዋል፤ እኔም ስናደድ እንደዚያው እለዋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በማሽን ላይ ክፉ አልናገርም። የስፌት ማሽኔ ቤት ይዛልኛለች፣ ልጅ አስተምራልኛለች። እሱ "ማሽን ሰውን በላው" ብሎ ሲጀምር ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ እረግጠዋለሁ። እሱም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እንዲህ እየተደነቋቆርን ነው ያረጀነው።

ያለችን ልጅ አንድ ናት። የራጅ ባለሙያ ናት። ስትመረቅ አባቷ "ልጄ አጥንት ታነባለች" እያለ ሰፈሩን አዳረሰው። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ የራጅ ማሽኑ ከተበላሸ ግን ቆይቷል። መለዋወጫ ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም። እሷ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ራጅ የሚነሳበት የጨለማው ክፍል በር ላይ ትቀመጥና፣ ክንዱን ታቅፎ ለመጣው ሁሉ "ማሽኑ አይሠራም፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ" ትላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። አንድ ቀን ቀሚስ እየለካሁላት፣

"እማዬ፣ እጄ እየረሳ ነው" አለችኝ።

"ምኑን ነው የሚረሳው?"

"የተማርኩትን። ትንሽ እንዲህ ከቆየሁ የሚቀጥረኝ አላገኝም። ቢተዉኝም አልፈርድባቸውም።"

ከዚያ በኋላ ነው ውጭ አገር ማመልከት የጀመረችው። መሄዷን አልወደድኩትም፤ እዚያ በር ላይ መቀመጧን ግን ከመሄዷ ይልቅ ጠላሁት።

አዲስ ስልክ የገዛች ጊዜ አሮጌውን ለአባቷ ሰጠችው። ቪዲዮ እንዴት እንደሚከፈት አሳየችው። አስተያየት መጻፍን ግን ያሳየው የለም፣ ራሱ ነው ያገኘው። ከቪዲዮው ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ ደግሞ ባዶ ቦታ አይቶ ፊደል ሳይደረድርበት ማለፍ አይችልም። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በአንድ ጣቱ፣ እንደ ድሮው እየለቀመ ይጽፋል። በጻፈ ቁጥር ከጽሑፉ ጎን ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጃችን ፎቶ ብቅ ይላል። "አየሽ፣ ፎቶዋን አድርጋልኛለች" ብሎ አሳየኝ። ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ፎቶ፣ ማስታወሻ መስሎት ነው። እኔም ሌላ ነገር አልመሰለኝም፤ ቆንጆ ፎቶ ነበር።

ያልነካው ነገር የለም። ምሳቸውን ሳይቀምሱ ፎቶ ስለሚያነሱ ሰዎች ጻፈ። ስለ ጡረታ ጻፈ። በዘመድ ስለሚቀጥሩ መሥሪያ ቤቶች የጻፈው ከመርዘሙ የተነሳ ስልኩ እጁ ላይ ጋለ። ተምረው ስለሚሄዱት ሲሆን ደግሞ ቁጣው ይብሳል፤ "አስተምረን አስተምረን ለሰው እናስረክብ!" ይላል። ልጃችን ማመልከቻ ማስገባቷን ሲሰማ ግን ጉሮሮውን ጠረገና "የኔ ልጅ ሌላ ናት፣ እሷ ወዳ አይደለም" አለ። የጻፈውን ፀጉር አስተካካዩ ቤት ወስዶ ለሰው ያነባል። ፀጉር አስተካካዩም "ግድ የለም፣ መቀስ የሚይዝ ኮምፒውተር እስኪመጣ እኔ አለሁ" ይለዋል። ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነው። "ዛሬማ ብዙ ሰው ነው ያነበበኝ" ይለኛል። ማን እንደነገረው አላውቅም። ከሥራ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት ስላላየሁት አልጠየቅኩትም።

የውጭው ሆስፒታል ልጄን ለቃለ መጠይቅ ሲጠራት ሰማያዊ ሸሚዝ ሰፋሁላት። ከላይ ሸሚዙን፣ ከታች የቤት ልብሷን ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። አባቷ በር ላይ ቆሞ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ሲያልቅ ገባና፣

"ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነው?" አላት።

"ሰው የለም አባዬ። ጥያቄው በጽሑፍ ይመጣል፣ እኔ ለካሜራው እመልሳለሁ።"

"ታዲያ ማነው የሰማሽ?"

"ይቀዳና ኮምፒውተር ይመዝነዋል።"

"ዶሮ የሚገዛ ሰው እንኳ አገላብጦ ያያል፤ አንቺን ሳያዩሽ ሊገዙሽ ነው?"

ሳቀች። በዚያ ሰሞን ትስቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በባዶ አየር የሰው ክንድ የያዘች እየመሰለች እጇን ስታዞር፣ ስታስተካክል አያታለሁ፤ እየተለማመደች ነው። ማለፏን ሲነግሯት ሰማያዊውን ሸሚዝ አጥባ፣ ተኩሳ ሻንጣ ውስጥ አስቀመጠችው።

የቀረው ማንነቷን ማጣራት ብቻ ነው አሏት። ከጠየቋት አንዱ ኢንተርኔት ላይ በስሟ የተከፈቱ አካውንቶችን በሙሉ እንድትጽፍ ነው። የምትጠቀምበትንም፣ አሮጌው ስልክ ላይ ትታው የቀረችውንም ጻፈች። ማንም የማይነካው፣ የተኛ አካውንት መስሏት ነው። መደበቅ የማትችል ልጅ ነው የወለድኩት።

የሆስፒታሉን ገጽ ለአባቷ ያሳየችውም እሷ ናት፣ የምትሄድበትን እንዲያይ ብላ። ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ ቪዲዮ አያመልጠውም። አበባቸውን ሲያሳዩ "አትክልተኛው ይመስገን" ይላል። ነርሶቻቸው ሲስቁ ካየ "ልጄንም እንዲህ አስቁልኝ" ብሎ ይጽፋል። አንድ ጠዋት ግን ራጅ የሚያነብ ኮምፒውተር አስገባን ብለው አሳዩ፤ ስልኩ ወደ አማርኛ ሲመልሰው የባለሙያን ዓይን የሚያስንቅ ነው ይላል። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳ።

"በእኔ የሠሩትን በልጄም ሊደግሙት ነው!" አለና ተመልሶ ተቀምጦ መልቀም ጀመረ። ሲጨርስ አነበበልኝ፦

"ልጄ ፎቶውን ገና ስታየው ሕመሙን ታውቀዋለች። ይህ ማሽን የእሷን ወንበር ሊወስድ ከሆነ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ። ድሮ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን አንዴ ነው የምመታው።"

ሳቅኩበት። በራችን ሥር ያለችው መዶሻ የፕላስቲክ ወንበርም አትሰብር።

መልሱ የመጣው እሁድ ከሰዓት ነው። ልጄ መጥታ ማሽኔ አጠገብ ቆመችና ስልኳን ሰጠችኝ። ጥቃት ለማድረስ የሚዝት ሰው መቅጠር እንደማይችሉ ጽፈዋል። ማስረጃ ብለው የመዶሻውን ጽሑፍ ከነትርጉሙ ከሥሩ ለጥፈዋል። ከጎኑ የእሷ ፎቶ፣ ከላይ የእሷ ስም።

"መች ጻፍኩ ብዬ ነው የደነገጥኩት" አለች። "ከዚያ 'ልጄ' የሚለውን አየሁ። አላገባሁ፣ አልወለድኩ፣ እማዬ። አንድ ሰው ቢያነበው ኖሮ ይገባው ነበር።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ በስምሽ ነው እንዴ የሚጽፈው?"

"በስሜ ነው። ጡረታውም፣ የሰዎቹ ምሳም፣ ሁሉም በስሜ ነው።" ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "እንዳትነግሪው።"

እሺ አላልኳትም። እሱ በዚያች ሰዓት አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ለአንድ ዘፋኝ ምክር እየጻፈ ነበር። ሄጄ ነገርኩት፣ ለስለስ አድርጌም አልነገርኩት። "አንተ ለቃሚ፣ ልጅህን አስቀረሃት!" ነው ያልኩት።

ይጮኻል ወይም ያለቅሳል ብዬ ነበር። ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበው። ፎቶዋን በጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ ተነስቶ መነጽሩን ጠረገና "ስህተት ነው" አለ። "ስህተት ደግሞ ይታረማል።"

የሚያወራውን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በሕይወት ያለ ነጋዴ ስም ከሟቾች ጋር ለቅሞ አውጥቶ ነበር። በማግስቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች በኩል፣ እርማት ወጣ። ነጋዴው ራሱ ማተሚያ ቤት ድረስ መጥቶ "ይኸው ተነሳሁ" ብሎ አሳቃቸው። ይህን ወሬ ከተጋባን ጀምሮ ስንቴ እንደሰማሁት። ባለቤቴ ስህተት ሁሉ ሁለተኛ ገጽ ያለው ይመስለዋል።

ተቀመጠና ለቀመ። "እርማት። በዚህ ቪዲዮ ሥር በልጄ ፎቶ የወጣው አስተያየት የእሷ አይደለም። የጻፍኩት እኔ አባቷ ነኝ። መዶሻው የእንጨት ነው፤ በር ነው የሚይዘው። ስለ ተፈጠረው ስህተት ልጄንም ሆስፒታሉንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ሰደደው። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ቦታ ስቶ መስሎት በአበባው ቪዲዮ ሥር ጻፈው፤ እሱም ጠፋ። በነርሶቹም ሥር ጻፈው። በመጨረሻ አካውንቱን ዘጉት፤ ፎቶዋም አብሮ ሄደ።

ልጄ በበኩሏ ይግባኝ አለች። አባቷ ቀርቦ ሊመሰክር ዝግጁ ነው ብላ ጻፈች። መልሱ ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ መጣ፤ ስለ ጻፍሽልን እናመሰግናለን፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ደወለች፤ የሚያነሳው የተቀዳ ድምፅ ነው። ያመለከተችባቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም ተራ በተራ በር ዘጉባት፤ የሚያጣራላቸው ያው አንዱ ድርጅት ነው አሉ። በማሽን ላይ ክፉ አልናገርም ብያለሁ፤ አሁንም አልናገርም። የኔዋ ማሽን እኔ ካልረገጥኳት አንድ ክር አትሰፋም። የተናደድኩት ኮምፒውተሩን ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው በወጡት ሰዎች ላይ ነው፤ የት እንዳሉ ግን አላውቅም፣ ሄጄ አልጮኽባቸውም። የምጮኽበት ያው የፈረደበት ባለቤቴ ነው። እሱም ሲያሳዝነኝ ጊዜ እሱንም ተውኩት።

ልጄ ወደ ጨለማው ክፍል በር ተመለሰች። ጠዋት ጋውኗን ለብሳ ትወጣለች፣ ማታ ጋውኗ እንደነጣ ትመለሳለች። ጠረጴዛው ላይ እጇን ማዞሯን ተወች። ሰማያዊውን ሸሚዝ ከሻንጣው አውጥታ "ለሌላ ሰው አጥብቢው" ብላ ማሽኔ ላይ አስቀመጠችው፤ እስካሁን እጄ ሊነካው አልቻለም።

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ቤት መሄድ አቆመ። እርማቱን አሁን በወረቀት ነው የሚጽፈው። በየጊዜው ያሳጥረዋል፤ "ገጹ ላይ ቦታ ጠቦ ይሆናል" ይላል። ልጄ እንድትልክለት ይሰጣታል። ከሥራ ስትገባ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ "ወጣ?" ይላታል። "ገና ነው አባዬ" ትለዋለች። እንዲህ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፤ የምላስ ልማድ ሆነባቸው።

ባለፈው እሁድ ሦስታችንም ምሳ ቀርበን ሳለ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የአሁኑ አንድ መስመር ብቻ ነው። "ይሄንን እንኳ አይከለክሉንም" አላት። ልጄ ወረቀቱን ተቀበለችው፣ አየችው፣ ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ አልላክሁም" አለች። "የመጀመሪያውን ብቻ ነው የላክሁት። የሚያነበው ሰው የለም።"

"እንዴት የለም? የመዶሻውን አንብበውት የለም እንዴ?"

"እሱንም ሰው አላነበበውም። ኮምፒውተር ነው ለቅሞ ያወጣው። ማንም ሳያየው መልሱ መጣ።"

እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጣቶቹ ፊደል እንደሚለቅሙ ትንሽ ተንቀሳቀሱና ቆሙ።

"ስለ ጡረታ የጻፍኩትንስ?"

ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው።

"ስለሚሄዱት የጻፍኩትንስ? ለነርሶቹ የጻፍኩትንስ?"

"አላውቅም አባዬ" አለች። "አይመስለኝም።"

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ሁልጊዜ ስንከራከር የማውቀው ፊቱ አልነበረም፤ እርዳታ ነው የፈለገው። እኔም እንጀራ ጨመርኩለት።

"ታዲያ ሰው ካላነበበው" አለ፣ "ማነው የተቀየመን?"

ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደዚያው በላነው።