ጨዋ ልጆች

ልጆቼ ጨዋ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርልኛል። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስሰፋ ስውል ትንሹን ልጄን ዳጊን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ እትዬ አሰገደች፣ «ቤቱ ውስጥ ሕፃን መኖሩን ረስቼው እውላለሁ» ትለኛለች። እኔም ምስጋና መስሎኝ እኮራ ነበር።

የዳጊ ምሳ ሻሂ በዳቦ ነው። እህቱ የምሥራችም ያደገችው በዚያው ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍልን እየደገመች ነው። አስተማሪዋ ፊደሉ አልያዝ እንዳላት ነግሮኛል። ግን እሱም ጨዋነቷን ያደንቃል።

ዳጊ ሁለት ዓመት ሊደፍን ሲል አንድም ቃል አልወጣውም። ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው ሲሉኝ እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለፈው ሳምንት ፈረቃዬ ተቀይሮ ጊዜ ሳገኝ፣ ያመለጠውን ክትባት ላስወጋው ሁለቱንም ይዤ የደቻቱን ወንዝ ተሻገርኩና ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሃሌሉያ የምትባል ነርስ የክንዱን ውፍረት በጥብጣብ ለካች። ኳስ አንከባለለችለት፤ አየው፣ ተወው። በስሙ ጠራችው፤ ዞር አላለም። ልጄ እንዳይታማብኝ ብዬ፣ «ጨዋ ስለሆነ ነው፤ አይረብሽም» አልኳት።

መለኪያውን ጠቀለለች።

«እህቴ፣ ይሄ ጨዋነት አይደለም። ምግቡ አልበቃውም። የሚጫወትበትም የሚጠይቅበትም አቅም የለውም።»

አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ እንባው አልመጣም። ሻሂውን እንድተው፣ እንቁላል ባገኝ እንቁላል፣ ባጣ ገንፎውን በባቄላ ዱቄት እንዳወፍርለት ነገረችኝ። ደግሞ አውሪው አለችኝ። ከማይናገር ልጅ ጋር ምን ይወራል ብዬ ልቆጣት አማረኝና ለመቆጣትም ሰነፍኩ። ብቻ ይማር እንደሆነ፣ እንደ ሰው ልጅ ይሆን እንደሆነ ጠየቅኳት። አንጎል በጣም የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነው፣ ለእሱ ደርሰሽለታል አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

የምሥራች አግዳሚው ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። መኖሯን ማናችንም ልብ አላልንም። ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ቀስ ብላ፣

«እማዬ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?» አለችኝ።

ነርሷ መዝገቧ ላይ አቀረቀረች። ስምንት ማለት አቃተኝ።

«ገና ትንሽ ነሽ» አልኳት።

አመነችኝ።