ከሥዕሉ ግርጌ ያልተጻፈው ስም

ደብዳቤው የመጣው ለእኔ ነበር። «ለሠዓሊ ባምላኩ ፈንቴ» ይላል፤ ለእሑድ ሽልማት ይጠራኛል። እኔ ቡሬ ላይ እህል የምነግድ ሰው ነኝ፤ ዶሮ ሣል ብባል ድመት ነው የሚወጣኝ። የፍኖተ ሰላሙ ኮሚቴ የአካባቢውን ሠዓሊዎችና የሥዕል አስተማሪዎች ሊያመሰግን ተነሥቶ፣ የገጠር ደብራችንን የግድግዳ ሥዕል ፎቶ አንሥቷል። ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ጽሑፍ «መታሰቢያነቱ የባምላኩ ፈንቴ ከነቤተሰቡ» ነው፤ ወጪውን የቻልሁት እኔ ነኛ። የሣለው ስመኘው ግን ለእግዚአብሔር ቤት በሠራው ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም።

ስመኘው ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ባለቤቱ፣ ወደ እትዬ እማዋይሽ ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አነበብሁላቸው።

«እሰይ! በስተርጅና ሠዓሊ ወጣህልን?» አሉ ሳቅ ብለው።

«አይቀልዱብኝ እትዬ። ይኼ የእሱ ነው። አብረን ሄደን እናስተካክለው።»

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት። 

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይኼ ግቢ በልጅ ይሞላ ነበር» አሉ። «በከሰል፣ በካርቶን ላይ መሣል ሲያስተምራቸው። ከቀበርነው ወዲህ አንድ ሰው ይህን በር አንኳኩቶ ስሙን አንሥቶ አያውቅም። ሽልማቱ እንኳ ይቅር። እንዲያው በሰው ፊት አንዴ ስሙ ሲጠራ ብሰማ፣ ይበቃኝ ነበር።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ስጠራ ተነሣሁና፣ «እኔ ያሣልሁ እንጂ የሣልሁ አይደለሁም። ሠዓሊው አርፏል፤ ባለቤቱ እኚህ ናቸው» አልሁ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ። እትዬን ደግፌ መድረክ አወጣኋቸው። መድረክ መሪው ቀልጣፋ ወጣት ነው፤ ማይኩን አፋቸው ድረስ አስጠጋላቸው።

«እናቴ፣ የሟች ባለቤትዎ ስም ማን ይባላል?»

«ወልደ ትንሣኤ» አሉ፣ ጥርት አድርገው።

ክው አልሁ። ወልደ ትንሣኤ የክርስትና ስሙ ነው። በየፍትሐቱ፣ በየተዝካሩ ለቄስ ሲሰጡት የኖሩት እሱን ነው። በሕይወት ሳለም ቢሆን «እሱ» እንጂ ስመኘው ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ በእሳቸው ዘመን ያገባች ሴት የባሏን ስም አትጠራም። የኮሚቴው ሰዎች ከምስክር ወረቀቱ ላይ የእኔን ስም በእስክሪብቶ ሰርዘው ወልደ ትንሣኤ ብለው ጻፉበት። «ሠዓሊ ወልደ ትንሣኤ!» ተባለ። ሰው ለማያውቀው ሰው የሚያጨበጭበውን ያህል አጨበጨበ። አፌን ልከፍት ስል ሌላ ተሸላሚ ተጠራ።

«ምነው እትዬ፣ ስመኘው ሳይሉ ቀሩ?» አልኋቸው ከመድረክ ስንወርድ።

ቆም አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። 

«ሟች ሲለኝ... ሌላው አልመጣልኝም» አሉ።

በሩ ላይ ሰው ሲጋፋ፣ ከፊታችን ሁለት ወጣት ሴቶች እያወሩ ይወጣሉ። አንደኛዋ ተቆጥታለች።

«ይኼን ሁሉ ሰው ጠርተው መምህር ስመኘውን ይርሷቸው? እኔ እርሳስ አያያዝ ያወቅሁት በእሳቸው እጅ ነው!»

«ውይ፣ ጋሽ ስመኘው!» አለች ጓደኛዋ። «በከሰል ጠቁሬ ስገባ እናቴ እንዴት ትገርፈኝ እንደነበር!»

«ስመኘውን የመሰለ ሰው! ይኼን ወልደ ትንሣኤን ደግሞ ከየት አመጡት?»

ልነግራቸው ስንደረደር እትዬ እማዋይሽ የኮቴን እጅጌ ጨምድደው ያዙኝ።

«ተው። ትንሽ ያውሩ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ተከተሏቸው። ልጆቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ባጃጅ አስቁመው ገቡ። እትዬ መንገዱ ባዶ እስኪሆን ቆመው ያያሉ።

«ስንቴ ጠሩት?» አሉኝ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

«ሦስቴ መሰለኝ።»

«አራቴ ነው» አሉ። «ባጃጁ ውስጥ ገብተውም ጠርተውታል።»